በሰቆጣ ስም የተገባው ቃል

የዋግ አገር በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስሙ የተከበረ መሆኑ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከዛጉዌ ነገሥታት ዘር እንደ ሆኑ የሚነገርላቸው ዋግሹሞች አገሩን ብዙ ዘመን አስተዳድረውታል፤ ከእነርሱም አንዱ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ከ1860 እስከ 1863 ዓ.ም. ነግሠዋል። ደጃዝማች ኃይሉ ከበደም በጠላት ወረራ ጊዜ በአርበኝነት ሲዋጉ በመስከረም ወር 1930 ዓ.ም. ለአገራቸው ተሠውተዋል። ዛሬ ግን የሰቆጣ ስም በመንግሥት መዝገብ የሚጠራው ስለ ነገሥታትና ስለ አርበኞች ብቻ ሳይሆን ስለ ሕፃናትም ረኀብ ጭምር ነው።

ይኸውም መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን አቋም አውጆ፥ ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር እስከ 2030 ድረስ ለማጥፋት ቃል ስለ ገባ ነው። ሥራውም በመጀመሪያ የተሞከረው በተከዜ ተፋሰስ በሚገኙ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ነበር። መቀንጨር ማለት የቁመት ማጠር ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑ ከተፀነሰበት ቀን አንሥቶ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ የሚያስፈልገውን ምግብ ካላገኘ አእምሮውም ይጐዳል፤ ያም ጊዜ ካለፈ በኋላ ጉዳቱን መመለስ እጅግ አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ የሕፃናት ረኀብ የነገው ገበሬ፥ የነገው መምህርና የነገው ካህን ጉዳይ ነው።

የፃግብጂና የአጐራባቾቿ ወረዳዎች ሕዝብ በዚህ ዘመን የደረሰበት መከራ ብዙ ነው። በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት ብዙውን ባላገር ከቤቱና ከእርሻው አፈናቅሎ ወደ ሰቆጣ አሰድዶታል። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶርያ የሰላም ስምምነት ከተፈረመም በኋላ ድርቅ ተከትሎ ከብቱንና አዝመራውን አጥፍቶበታል። ዝናም ከቀረ ሹሙ ምን ያደርጋል የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እርግጥ ነው፥ ዝናም በሹም ትእዛዝ አይዘንምም። ነገር ግን ጕድጓድ ማስቈፈር፥ ምንጭ ማጐልበት፥ እርከን ማሠራት፥ ለድኻይቱ እናት የምትታለብ ፍየል ማድረስ በሹም እጅ ያለ ሥራ ነው። የአበርገሌ ፍየል የታወቀበት አገር ለሕፃናቱ ወተት ማጣቱ የአስተዳደርን ትጋት የሚጠይቅ ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱም በ90ኛው አንቀጽ የመንግሥት ፖሊሲ የአገሪቱ ዐቅም በፈቀደ መጠን ለዜጎች ሁሉ ጤና፥ ትምህርት፥ ንጹሕ ውሃና ምግብ ለማዳረስ እንዲያቅድ ደንግጓል።

ነገሩ የማይቻል አለመሆኑን የሌሎች አገሮች ታሪክ ያስረዳል። በምዕራብ አፍሪካ የሚገኘው የሴኔጋል መንግሥት የሕፃናትን ምግብ ነገር ለአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይተው በጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥር አስተባባሪ አቁሞ፥ ሥራውን በየመንደሩ ላለው ሕዝብ አደረሰ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1992 ገደማ ከሦስት ሕፃናት አንዱ ያህል የቀነጨረ ነበር፤ በ2019 ግን ከአምስት አንድ በታች ሆኗል። በኢትዮጵያም በ2000 ከመቶ 58 የነበረው በ2019 ወደ 37 ዝቅ ብሏል። ይህም ደስ የሚያሰኝ ቢሆንም ከቃሉ ፍጻሜ ገና እጅግ ሩቅ ነው፤ የቀረውም ጊዜ ጥቂት ነው።

ሕዝቡ የሚመከርበት ቋንቋም ሊታሰብበት ይገባል። ኽምጣና ብቻ ለምታውቅ እናት በአማርኛ የተጻፈ ምክር የታሸገ ደብዳቤ ነው። ሕገ መንግሥቱ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዲኖራቸው ወስኗልና፥ የጤና ምክር እናቲቱ በምትሰማው ቋንቋ መሰጠቱ ችሮታ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ከሹማምንቱም ይልቅ ቃላቸው የሚሰማ ካህናቱ ናቸው። በአጽዋማት ወራት ብዙ እናቶች ድስቱ እንዳይነካካ ብለው ለሕፃናት ወተትና እንቍላል መስጠትን ይተዋሉ። ቤተ ክርስቲያን ግን ሰባት ዓመት ያልሞላውን ልጅ ጹም ብላ አታዝም። ይህን የነፍስ አባት ለንስሓ ልጁ፥ ሰባኪውም በዐውደ ምሕረት ቢያስረዳ፥ በጀት የማይጠይቅ፥ ዝናም የማይጠብቅ መድኀኒት ይሆናል። ጾሙም አይፈርስም፤ ሥርዓቱ ለማን እንደ ተሠራ ይታወቃል እንጂ።

ቃል ኪዳን በወረቀት ላይ ተጽፎ አይፈጸምም። የየወረዳው ሹም በየዓመቱ ስንት ጉባኤ እንደ ተደረገ ሳይሆን ስንት ሕፃን ከመቀንጨር እንደ ዳነ ሊጠየቅ ይገባዋል። በሰቆጣ ስም የተገባው ቃል አስቀድሞ ሊፈጸም የሚገባው ስሙን ባዋሰው አገር ነውና፥ ሹሙ በሥራው፥ ካህኑም በቃሉ ተባብረው የዋግን ሕፃናት ሊያድኑ ይገባል።