አረንጓዴ ሁሉ ግጦሽ አይደለም

የቦረና ሰንጋ ዋጋ ሲንር የአዳማና የሞጆ አድላቢዎች ጣታቸውን የሚቀስሩት በደላላው፣ በመኪና ኪራዩና በኮንትሮባንዱ ላይ ነው። ሦስቱም የየድርሻቸው ተጠያቂነት አለባቸው። ይሁንና ሰንጋው ሃሮ በኬ ወይም ዱብሉቅ ገበያ ከመድረሱ በፊት የሚግጠው ሣር ምን ያህል ቀረ ብሎ የሚጠይቅ ነጋዴ እምብዛም አይገኝም። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ በማንም መዝገብ ያልገባ ትልቅ ሂሳብ ነው።

እንደሚታወቀው ቦረናዎች ቀድሞ ግጦሹን በየጊዜው እያቃጠሉ ቁጥቋጦውን ይቆጣጠሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መንግሥት ማቃጠልን ከለከለ። ድርቅና የመንጋው መዘዋወሪያ መጥበብ ሲታከሉበት ፉሌንሳን የመሳሰሉ እሾሃማ ግራሮች የሣሩን ቦታ ያዙ። ጥሻው ሲጠቀጠቅ ከብቱ ሣርም አያገኝ፣ መግቢያም አያገኝ።

ይህን ከአፋሩ ፕሮሶፒስ ጋር ማምታታት አይገባም። ፕሮሶፒስ ከውጭ የገባ ስለሆነ ጥያቄው «አለ ወይስ የለም?» ነው። የቦረና ግራር ግን አገር በቀል ነው፤ ግመልና ፍየል ይቀነጥቡታል፣ ለጥላም ለማገዶም ይውላል። ጨርሶ ይነቀል የሚል የለም። ጥያቄው «የት ላይ፣ ምን ያህል በዛ?» የሚል ነው። ይህ ደግሞ ልኬት ይሻል።

በነጻ የሚገኘው የሳተላይት ምስል አይበቃም ወይ? ለብቻው አይበቃም። ኦሮሚያ ኢንሹራንስ እ.ኤ.አ. በ2012 በቦረና የጀመረው የከብት መድን የተመሠረተው ሳተላይት በሚለካው የአረንጓዴነት መጠን ላይ ነው። መጠኑ ከተለመደው ክፉኛ ሲያንስ ካሳ ይከፈላል። ሐሳቡ ግሩም ነው፤ ነገር ግን መለኪያው ሣርን ከግራር ቅጠል አይለይም። ሥሩ የጠለቀ ቁጥቋጦ ሣሩ ከደረቀ በኋላም ለምልሞ ሊቆይ ይችላል። ከላይ ሲያዩት አገሩ አረንጓዴ ነው፤ ላሟ ግን ተርባለች። እንግዲህ ጥሻው በበዛ ቁጥር ካሳው ከእውነተኛው ኪሳራ እንዳይርቅ ያሰጋል። ይህ የሻጩ ጥፋት ሳይሆን የመለኪያው ወሰን ነው።

አውሮፕላን የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ሴንቲኔል 2 በተባለው ሳተላይት ምስል ላይ አንዷ ነጥብ ቢያንስ 10 በ10 ሜትር መሬት ትሸፍናለች፤ ሣሩም፣ ግራሩም፣ ባዶው መሬትም በውስጧ ይደበላለቃሉ። ዝቅ ብሎ የሚበር አውሮፕላን ካሜራ ግን የእያንዳንዱን ቁጥቋጦ አናት ያሳያል፤ ላይዳር የተባለው የሌዘር መሣሪያ ደግሞ ቁመቱን ይለካል። በረራው ሣሩ ደርቆ ግራሩ ቅጠሉን ሳያረግፍ ከተደረገ ልዩነቱ ጎልቶ ይታያል። ቦረናን በሙሉ መሸፈን አያስፈልግም፤ በተመረጡ መስመሮች በርሮ ውጤቱን ለሳተላይቱ ምስል ማረሚያ ማድረግ ይቻላል። ነጋዴ ሚዛኑን በታወቀ ክብደት እንደሚፈትሸው ማለት ነው።

ለመሆኑ ማን ይክፈል? ሁሉን ለመንግሥት መተው የቆየ ልማዳችን ነው። ከመረጃው የሚያተርፉት ግን ሰንጋ ላኪው፣ መድን ሰጪውና ለአድላቢው የሚያበድረው ባንክ ናቸው፤ ቢያዋጡ ያዋጣቸዋል። የት መመንጠር እንዳለበት ከታወቀ ሌላም ገበያ ይከፈታል። በናሚቢያ ግጦሹን ያፈነው አገር በቀል ቁጥቋጦ ከሰል ሆኖ ወደ ውጭ ይላካል። በአንጻሩ ያለ ካርታ የከሰል ፈቃድ መስጠት ደጉንም ዛፍ ለመጥረቢያ መዳረግ ነው።

አንድ ስጋት አለ። «ጥሻ ነው» የተባለ መሬት «ባዶ ነው» ተብሎ ለባለሀብት ሊታደል ይችላል። ስለዚህ ካርታው አስቀድሞ የቦረና ሽማግሌዎች እጅ መግባት አለበት። የግጦሹን ጓዳ ጎድጓዳ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና፣ ስህተቱንም የሚያርሙት እነርሱ ናቸው።

እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ዝናቡ አምስት ወቅት በተከታታይ ሲቀር ቦረና ያለቀበትን ከብት ሁላችንም አይተናል። ቀጣዩ ድርቅ እስኪመጣ አረንጓዴውን ሁሉ ሣር ብለን ከቆጠርን፣ የስሌቱን ስህተት መጀመሪያ የሚከፍለው አርብቶ አደሩ፣ ቀጥሎም ገበያው ነው።