ሐውልት የሆነው ተማሪ

«መሪዎችን በወጣትነታቸው እንቅረጻቸው፤ ያኔ ወጣቱ ራሱን ያይባቸዋል» የሚሉ ጓዶች በመካከላችን አሉ። ነገሩ ለጆሮ ይጥማል። እኛ ግን አንቀበለውም።

ከካዛን እንጀምር (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በካዛን ዩኒቨርሲቲ ደጅ ጺም የሌለው፣ ራሱም ያልተመለጠ ሌኒን ቆሟል። የጺጋል ሥራ ነው፤ የቆመው በ1954። ማማሩን አንክድም። ታሪኩ ግን ይኸ ነው፦ በግንቦት 1887 ታላቅ ወንድሙ አሌክሳንደር ዛሩን ለመግደል አሢረሃል ተብሎ ተሰቀለ። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ፣ ገና የ17 ዓመት የሕግ ተማሪ የነበረው ቭላዲሚር በተማሪዎች ተቃውሞ ተገኘ። ተያዘ፣ ተባረረ፣ ወደ ኮኩሽኪኖ መንደር ተጋዘ። እንደገና ልማር ቢልም እምቢ ተባለ። ያው ያባረረው ዩኒቨርሲቲ በ1925 በስሙ ተጠራ!

ታዲያ ያን ቀን ሌኒን ብቻውን ነበር እንዴ? አብረውት የተባረሩት ልጆችስ የት ቆሙ? ያ ልጅ ሐውልት የቆመለት ስለተባረረ አይደለም፤ ከ30 ዓመት በኋላ ሥልጣን ስለያዘ ነው። ያሸነፈው ጎልማሳ ወደኋላ ተመልሶ የገዛ ልጅነቱን ሾመው እንጂ ተማሪውንስ ማንም አላከበረው።

ቻንግሻ ላይ ደግሞ ይብሳል። በ2009 የተጠናቀቀው ሐውልት የ1925ቱን፣ የ32 ዓመቱን ማኦ ያሳያል፤ ከፍታው 32 ሜትር ነው። ራስና ትከሻ ብቻ! በ1925 እኮ ማኦ ገበሬ ሲያደራጅ አገረ ገዢው እሰረው ብሎ ያሳደደው፣ ከሁናን የሸሸ ሰው ነበር። የሚሸሽ ሰው 32 ሜትር ያህላል? ቀራጩ ያን ስደተኛ አላየውም፤ ያየው የኋላውን ገዢ ነው፤ መጨማደዱን ብቻ አነሣለት። እዚህ ላይ ነው ጥላችን። ወጣት ፊት ገና ምንም አላደረገም። በፊቱ የቆመ ተመልካች ስለ 1958ቱ ዘመቻና ስለተከተለው ረሃብ ለመጠየቅ አፉ አይደፍርም፤ ልጅን ማን ይከሳል?

ከአፍሪካ አዳራሽ አጠገብ የነበረው፣ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 1983 የወረደው ሌኒን ቢያንስ ጎልማሳ ነበር። የወደደውም የጠላውም ማንን እንደሆነ ያውቃል።

የግድ ወጣት ይቀረጽ ካላችሁ፣ በ1887 የተባረሩት ሁሉ በአንድነት፣ በሰው ቁመት፣ ያለ መቆሚያ፣ ከመሬት ላይ ይቁሙ። ሌኒን የትኛው እንደሆነ የሚጠቁም ነገርም አይኑር። ጓዶቻችን ይህን የሚቃወሙ ከሆነ በሚቀጥለው እትም ይመልሱልን።