ሶፋ ያጠብንበት ውኃ የት ነው የሚገባው?

ፍቼ ጨምበላላ ይሁን እንቁጣጣሽ፣ ፋሲካ ይሁን ዒድ፣ በዓል ሲቃረብ ሀዋሳ ውስጥ ቤት ይገለበጣል። ሶፋው ይወጣል፣ ምንጣፉ ይታጠባል፣ ብፌው ይወለወላል። ቴሌግራም ላይም "ቤት ድረስ መጥተን እናጥባለን" የሚሉ ማስታወቂያዎች ይበዛሉ። አንዳንዶቹ "ኦርጋኒክ ነው"፣ "ለአካባቢ ተስማሚ ነው" የሚል ይጨምሩበታል።

ሥራው ጥሩ ነው። በአንድ ማሽን ጀምሮ ራሱን የቻለ ወጣት ብዙ ነው። እኛ የምንጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ታጥቦ ሲያልቅ ባልዲው የት ነው የሚደፋው?

ይሄ ለሀዋሳ ቀላል ጥያቄ አይደለም። የሀዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የጥቁር ውኃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከከተማው የሚወርደው ጎርፍ ይገባበታል፣ ከውስጡ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። ውኃው ይተናል፣ የተወሰነው ወደ መሬት ይሰርጋል። ጨውና ቶሎ የማይበሰብስ ኬሚካል ግን አይተንም። በዚህ ላይ ከጥቁር ውኃ በላይ የነበረውና ቆሻሻና ደለል ያስቀር የነበረው የጨለለቃ ሐይቅ ራሱ ወደ ረግረግነት ተቀይሯል።

ከተማዋ የተቀመጠችው በሐይቁ ምሥራቃዊ ዳር ነው። የመንገድ ዳር ቦይ የተሠራው ለዝናብ ውኃ ነው፣ የዝናብ ውኃ ደግሞ የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው። ስለዚህ ቦይ ውስጥ የደፋነው አረፋ ከዓይናችን ጠፋ እንጂ አልጠፋም። አሞራ ገደል ሄደን የምንበላው ቆሮሶ የሚኖረው እዚያው ውስጥ ነው።

የሐይቁ ጉዳይ ከባድ መሆኑ ለፋብሪካ ሲሆን ታስቦበታል። የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ሲመረቅ፣ ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ የሚጠቀምና ወደ ውጭ የማይለቅ ቴክኖሎጂ እንደተገጠመለት በሰፊው ተነግሯል። ለቤታችን ግን እንዲህ ያለ ነገር የለም። "አንድ ባልዲ ምን ያመጣል?" እንል ይሆናል። በበዓል ዋዜማ ግን ባልዲው አንድ አይደለም፣ ሰፈሩ በሙሉ ነው የሚያጥበው።

ሳሙናው ምን ያደርጋል?

ሳሙና ቅባትን ከውኃ ጋር አዋህዶ ነው የሚያስለቅቀው። ውኃ ውስጥ በብዛት ሲገባ ይኸው ጉልበቱ ዓሣው የሚተነፍስበትን ስንጥብ ይጎዳል። ፎስፌት ያለባቸው የማጠቢያ ዱቄቶች ደግሞ ለአልጌ ማዳበሪያ ይሆናሉ። አልጌው ይበዛል፣ ከዚያ ይሞታል፣ ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። የአውሮፓ ኅብረት በልብስ ማጠቢያዎች ላይ የፎስፌት መጠንን እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የገደበው ለዚህ ነው።

ሐይቁን የሚጎዳው የቤት ሳሙና ብቻ ነው እያልን አይደለም። ከእርሻ የሚታጠበው አፈርና ማዳበሪያ አለ፣ የከተማው ሌላ ፍሳሽም አለ። የባልዲው ጉዳይ ግን ዛሬውኑ በእጃችን ያለ ነው።

"ተፈጥሯዊ ነው" መባሉስ?

እዚህ ላይ እንዶድን እናስታውስ። እናቶቻችን ጋቢና ነጠላ ያጠቡበት የነበረ፣ ፍጹም ተፈጥሯዊ ሳሙና ነው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አዩ። ከዚያ ተነስተው እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎችን እንደሚገድል አሳዩ። ለዚህም ሥራ እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማትን አገኙ። ግን ይኸው እንዶድ ዓሣም ይገድላል። እንግዲህ "ከዕፅዋት የተሠራ ነው" የሚል ጽሑፍ ብቻውን ለሐይቁ ዋስትና አይሆንም። ዋናው ነገር ስንት ተጠቀምን፣ የትስ ደፋነው የሚለው ነው።

እና ምን ይሻላል?

👉 መጀመሪያ ደረቁን እንጨርስ። ሶፋና ፍራሽ ከመርጠቡ በፊት በብሩሽ ወይም በቫኪዩም አቧራው ይነሳ። አቧራው ከወጣ የሚያስፈልገው ሳሙናም ውኃም ይቀንሳል።

👉 የሶፋ ሽታ ካስቸገረ ቤኪንግ ሶዳ ነስንሶ ጥቂት ሰዓት አቆይቶ መጥረግ ይበቃል። ቤኪንግ ፓውደር ግን ሌላ ነው፣ አሲድና ስታርች አለበት፤ ሱቅ ላይ እንዳይቀያየርባችሁ።

👉 ለእንጨት ዕቃ በደንብ የተጨመቀ እርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ ደረቅ ጨርቅ። አቼቶ በውኃ ቀጥኖ ቅባት ያስለቅቃል፣ ቫርኒሹ ላይ ግን መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ይሞከር። እብነበረድ ላይ አይሆንም፣ ይበላዋል።

👉 አቼቶና በረኪና በፍጹም አይቀላቀሉም! ክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል።

👉 አረፋ ስለበዛ አይጠራም። ፎሙ ውስጥ የቀረ ሳሙና መልሶ አቧራ ይይዛል፣ እሱን ለማስወጣትም ሌላ ውኃ ይፈልጋል።

👉 ቀለል ያለ የሳሙና ውኃ ከቦይ ይልቅ ግቢ ውስጥ አፈር ላይ፣ ከጉድጓድ ውኃ ራቅ ብሎ ይደፋ። አፈር ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነፍሳት ሳሙናውን ይሰባብሩታል። በረኪና ያለበት ግን ተክል ላይ አይደፋም፤ ለእሱ ከመንገድ ቦይ የመጸዳጃ ጉድጓድ ይሻለዋል።

ነገሩን ሁሉ ግን በሚያጥበው ሰው ላይ ጭኖ መሄድ ፍትሐዊ አይደለም። በረኪናና ፈሳሽ ሳሙና በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት ይሸጣል። ጓንት ሳታደርግ በዚያ የምትፈትገው የቤት ሠራተኛ፣ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሽታውን እየሳበ ሶፋ የሚያጥበው ልጅ፣ ምን እንደነኩ በምን ይወቁ? የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። መብቱ በሰፈር ሱቅ መደርደሪያ ላይም መታየት አለበት።

በ2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ፌስታል መንገድ ላይ ሲበር በዓይን ይታያል፣ ስለዚህ ቶሎ ያነጋግራል። የባልዲ ውኃ ግን አይታይም። ከተማ አስተዳደሩ ቢያንስ ለእጥበት ድርጅቶች "የተጠቀማችሁበትን ውኃ እዚህ ድፉ" ብሎ ቦታ ሊያሳያቸው ይገባል። ፈቃድ ሲሰጥም አብሮ ሊጠይቅ ይችላል።

እናንተስ፣ በዚህ በዓል ሶፋ የሚያጥብ ስትጠሩ ከዋጋው ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ "ውኃውን የት ትደፉታላችሁ?" ሥራው ላይ ያላችሁ ልጆች ደግሞ እንዴት እንደምታደርጉ ኮመንት ላይ ጻፉልን። ጥሩ መላ ያለው ካለ ለሌላውም እናጋራለን።