ቤት ማረፊያ ነው፤ ማጉያውን ዝቅ አድርጉት!



ከወጣቶቻችን አፍ የማይጠፋ አንድ ንግግር አለ፦ «እነሱ ማጉያቸውን ሳይቀንሱ እኛ ለምን እንቀንሳለን?» ወልድያ ላይም መርሳ ላይም ሰምቼዋለሁ። ለዲን መቆርቆር ይመስላል። ስትመረምረው ግን «የጎረቤቴን ሐቅ የምጠብቀው እሱ የእኔን ሲጠብቅ ብቻ ነው» ማለት ነው። ይህን ከየትኛው ኪታብ ቀራኸው ወንድሜ?

አንድ ነገር አስቀድሜ ላጥራ። ስለ አዛን አይደለም የማወራው። አዛን የኢስላም መለያ ነው፤ በጥቂት ደቂቃም ያልቃል። የማወራው ከአዛኑ በፊትና በኋላ ስለሚለቀቀው ነው። ከሱብሒ አንድ ሰዓት ቀድሞ በውጭ ማጉያ ስለሚከፈተው ቅጂ፣ እስከ እኩለ ሌሊት ሰፈሩን ስለሚያናውጠው የሠርግ ነሺዳ፣ ሱቅ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ስለሚጮኸው ስፒከር። የመስጂዱን ማይክ የምከፍተውም የምዘጋውም እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ጣቴን ወደ ሌላ ሰው ደጅ አልቀሰርኩም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጂድ ውስጥ ኢዕቲካፍ ላይ ሳሉ ሰዎች ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቁርኣን ሲቀሩ ሰሙ። መጋረጃውን ገልጠው ሁሉም ከጌታው ጋር እንደሚነጋገር አስታወሱ፤ አንዱ ሌላውን እንዳያውክ፣ በቂርኣትም ድምፁን በሌላው ላይ እንዳያነሳ ከለከሉ። አቡ ዳውድ ዘግበውታል። ልብ በል! እዚያ ድምፁ ከፍ ያለው ቁርኣን ነበር፤ ቦታውም መስጂድ ነበር። እዚያ ያልተፈቀደ፣ የተኛን ሕፃን፣ የታመመችን እናት፣ ለፈተና የሚያጠናን ተማሪ በቅጂ ማወክ በምን ይፈቀዳል? ሙስሊም በዘገቡት የሚቅዳድ ሐዲሥ ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊት ሲገቡ ሰላምታቸው የነቃው የሚሰማው፣ የተኛው የማይነቃበት ነበር። ሰላምታ እንኳ ልክ ተበጅቶለታል።

«ዳዕዋ ነው፤ ሰው ይስማ» የሚልም አለ። የየጁዋ ዳና ስሟ በወሎና ከወሎም ውጭ የተሰማው በየትኛው ማጉያ ነው? ደረሳው ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ ነው የሄደላት። ዒልም ሰውን ይጠራል፤ ጩኸት ግን መስኮት ያስዘጋል። ደግሞም ድምፅ ከምንጩ በራቀ ቁጥር ይደክማል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን በግርድፉ 6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ሩቅ ላለው ሰፈር እንዲደርስ ብለህ ስትጨምር ዕዳውን የሚከፍለው ከማጉያው ሥር ያለው ቤት ነው። ጎረቤቱ ከክፋቱ ሰላም ያላገኘ ሰው ኢማኑ ምን እንደተባለ የምታውቀው ነው።

ሕጉንም እወቅ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1225 ባለይዞታ ከመልካም ጉርብትና ልክ ያለፈ ጭስ፣ ሽታና ድምፅ በጎረቤቱ ላይ እንዳያደርስ ይከለክላል። የአገሪቱ የአካባቢ ደረጃም ለመኖሪያ ሰፈር ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ወሰን አስቀምጧል። 10 ዴሲቤል መጨመር የድምፁን ኃይል አሥር እጥፍ ማድረግ ነው። ሕጉ ባለማጉያውን ሃይማኖትህ ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። የሳዑዲ የእስልምና ጉዳዮች ሚኒስቴርም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የመስጂዶች የውጭ ማጉያ ለአዛንና ለኢቃማ ብቻ እንዲሆን፣ ድምፁም ከመሣሪያው አቅም ሲሶ እንዳያልፍ አዟል። የሳዑዲ ውሳኔ ሁሉ ማስረጃ ነው አልልም። ግን ማጉያ መቀነስ ዲንን ማዋረድ ነው ለሚል ሰው መልስ ይሆነዋል።

የእኛ አገር ደግሞ የራሷ ቁስል አላት። ወልድያ ከነሐሴ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014 ምን እንደሰማች ታውቃለህ፤ ሀብሩም እንዲሁ። በር በኃይል ሲዘጋ የሚደነግጥ ልጅ ባለበት ሰፈር ለሠርግ ርችት መተኮስ የማን ደስታ ነው? ሙስሊምን ማስደንገጥ ለሙስሊም እንደማይፈቀድ የተነገረው ለቀልድ ለተደረገ ነገር ነበር።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። አሏህ በሱረቱ ነሕል ቤታችንን ማረፊያ እንዳደረገልን ይነግረናል። ከውጭ የሚመጣውን ሁሉ ማስቆም አንችልም፤ ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው አውራ ጎዳና መርሳንም ወልድያንም አቋርጦ ያልፋል፤ ከባድ መኪናውም ሌሊት ይጮኻል። ግን አልጋህን ከመንገዱ ግድግዳ አርቀው፤ በዚያ በኩል ቁምሳጥኑን አቁም። ድምፅ እንደ ንፋስ በቀዳዳ ይገባልና የበሩን ሥር በተጠቀለለ ጨርቅ፣ የመስኮቱን ክፍተት በሚሆነው ነገር ድፈን። ባዶ የሲሚንቶ ክፍል ያስተጋባል፤ ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ የመንገዱን ጩኸት ባያስቀሩም ማስተጋባቱን ያበርዳሉ።

ከዚያ አንድ ጥግ ለይ። ዒትባን ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቤቱ ጠርቶ ያሰገዳቸው ያን ቦታ መስገጃው ሊያደርገው ነበር። አንተም መስገጃህንና ሙስሐፍህን የምታኖርበት፣ ስልክ የማይገባበት አንድ ክንድ ቦታ አታጣም። አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ስልክ ሦስት ቪዲዮ እያስጮኸ «ሰፈሩ ረበሸን» ማለት አያምርም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከኢሻ በኋላ ወሬ ይጠሉ ነበር፤ ቢያንስ ከዚያ ሰዓት ወዲህ ቤትህ ይረፍ። ጎረቤትህ ቢያውክህ ደግሞ፣ ሙስሊምም ይሁን ክርስቲያን፣ ቡና ይፈላና ጥራው። የወሎ ሰው ከዚህ የከበደ ነገር በቡና ፈትቷል።

በየመስጂዱ ላላችሁ ወጣቶች የምላችሁ አንድ ነው፦ የውጭውንና የውስጡን ማጉያ አስለዩ። የውጭው ለአዛንና ለኢቃማ፣ የውስጡ ለደርስና ለኹጥባ ይሁን። «እነሱስ?» አትበሉ፤ ቀድሞ የቀነሰ በአጅሩ ይቀድማል።

ጂብሪል (ዐ.ሰ) ለእናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ) ያመጣው ብስራት ጩኸትም ድካምም የሌለበት የጀነት ቤት ነበር። ያን ለምነን ለጎረቤታችን እዚህ መንፈግ አይሆንም። አሏህ ቤታችንን የእርጋታ፣ ሰፈራችንን የሰላም ያድርግልን። አሚን።