በበረዶ ላይ ስለሚደረገው ውድድር



አንድ የመሥሪያ ቤት ባልደረባዬ «እኛ የላስታ ሰዎች በውርጭ እያደግን አገራችን በክረምት ኦሊምፒክ ስለ ምን ኋላ ቀረች?» ብሎ ሣቀ።

አቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ቢሆንም ውርጩ ገብሳችንን ያቃጥላል እንጂ ለሸርተቴ የሚበቃ በረዶ አይከምርም። ሮቤል ተክለ ማርያም ግን በ1998 ዓ.ም. በቶሪኖ፣ በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር ብቻውን ሰንደቅ ዓላማችንን ይዞ ገባ፤ 15 ኪሎ ሜትሩንም ሳያቋርጥ ፈጸመ። ከኋለኞቹ መካከል መሆኑ አያሳፍርም። የሚያሳፍረው በ2006፣ በ2010ና በ2014 ዓ.ም. ተተኪ አለመላካችን ነው። የማራቶን ስማችን የጸናው ከአበበ ቢቂላ በኋላ ማሞ ወልዴ ስለ ተተካ ነው።

ስለዚህ ከመሣቃችን በፊት ተተኪ እናሠልጥን እላለሁ።

አንድ አንባቢ፣ ከላሊበላ