ታንኳ ከመሳፈራችን በፊት መኪናውን የት እናቁም?

ከጂንካ ተነሥቶ በቀይ አፈር፣ በዲመካና በቱርሚ በኩል ወደ ኦሞራቴ የሚወርድ መንገደኛ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካላት ከተማ ወጥቶ 400 ሜትር እንኳ ወደማይሞላ ሜዳ ይደርሳል። እዚያም የኦሞ ወንዝ ይጠብቀዋል። ከማዶ ያሉትን የዳሰነች መንደሮች ለማየት የሚሻ ጎብኚ ከግንድ በተፈለፈለ ታንኳ ወይም በሞተር ጀልባ ይሻገራል፤ መኪናው ግን በዚህኛው ዳርቻ ይቀራል። ታንኳው ይገለበጥ ይሆን፣ ወንዙ ውስጥ አዞ አለ ወይ እያለ የሚጠይቀው ብዙ ነው። መኪናው የት ይቁም የሚለው ጥያቄ ግን አብዛኛውን ጊዜ «ጥላ ያለበት» በሚል አንድ ቃል ይዘጋል።

ጉዳዩ ተራ መስሎ የሚታያቸው አንባብያን ይኖሩ ይሆናል። ይሁን እንጂ መኪናው ባዶውን እንደማይቀር እናስታውስ። እንግዶቹ ሲሻገሩ ሾፌሩ ይቀራል፤ ከንጋት ጀምሮ ሲነዳ የቆየ ሰው ደግሞ ወንበሩን ዘርግቶ መተኛቱ የታወቀ ነው። ስለሆነም ማቆሚያ መምረጥ ማለት ለተኛ ሰው ማረፊያ መምረጥ ማለት ነው። የእኛ አቋም አጭር ነው፦ ሥፍራው መመረጥ ያለበት በደረስንበት ሰዓት ባየነው ሳይሆን በምንመለስበት ሰዓት በሚሆነው ነው። በመካከሉ ባሉት ጥቂት ሰዓታት ፀሐይዋም፣ ውሃውም፣ አንዳንዴም መሬቱ ራሱ ቦታ ይለውጣሉ።

የፀሐይዋ ነገር ቀላሉ ነው። ኦሞራቴ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 5 ዲግሪ ያህል ላይ ስለምትገኝ፣ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን ገደማ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ከአናት በላይ ትውላለች። ጠዋት በ3 ሰዓት የዛፍ ጥላ በስተምዕራብ ይዘረጋል፤ ከቀትር በኋላ በ8 ሰዓት በስተምሥራቅ ይገኛል። ጠዋት ጥላውን ተከትሎ ያቆመ ሾፌር ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ይገኛል ማለት ነው። ዝግ መኪና ፀሐይ ላይ ቢቆም፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የውስጡ ሙቀት ከነበረበት 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ሊጨምር ይችላል። ሕፃን ልጅ በዚያ ውስጥ ለአፍታም እንኳ አይተውም።

የጥላ ዋነኛ ጉዳት ግን ሙቀት አይደለም። በዚህ ደረቅ ምድር ሾላን የመሰለ ትልቅ ዛፍ የሚበቅለው ሥሩ ውሃ በሚያገኝበት ሥፍራ ነው፤ ይኸውም በወንዝ ዳር። ስለዚህ ጥላ ፈላጊ መኪና ሳያውቀው ወደ ወንዝ ይሳባል። በቱርሚ አጠገብ እንዳለው እንደ ካስኬ ያሉ ወንዞች ደግሞ አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ አሸዋ ብቻ ናቸው። አሸዋው ሜዳ ነው፤ ዳርና ዳሩ ጥላ ነው፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ከዚህ የተሻለ ማረፊያ ከየት ይገኛል?

ሰማዩ ጥርት ማለቱ ግን ማስረጃ አይሆንም። ደራሽ ውሃ የሚመጣው ከላይ ከተራራው ነው። 40 ኪሎ ሜትር ርቆ ዝናብ ቢጥልና ጎርፉ በሰከንድ 2 ሜትር ቢጓዝ፣ ከሾፌራችን ዘንድ የሚደርሰው ከ5 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ተራራው ላይ ያለው ደመና እንኳ ተበትኖ ሊሆን ይችላል። አባቶች «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ያለ ነገር አይደለም።

«ላንድ ክሩዘር ከባድ ነው፣ ጥቂት ውሃ አያነቃንቀውም» የሚል መከራከሪያ እንሰማለን። እስቲ እናስላው። የመኪናው ወለል 4.5 ሜትር ርዝመትና 1.7 ሜትር ስፋት አለው እንበል፤ ስፋቱ 7.65 ካሬ ሜትር ይሆናል። በአርኪሜዲስ ሕግ መሠረት ውሃው ከወለሉ በላይ 10 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር መኪናው 765 ኪሎ ግራም ያህል ይቀልለዋል። ከነጭነቱ 2,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 30 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲደርስ መሬቱን የሚጫነው 200 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ውሃ በበሩ ስንጥቅ ወደ ውስጥ መስረጉ አይቀርም፤ ነገር ግን ጎርፉ እስኪሞላው ድረስ አይታገሥም። የሰበቃን ቁጥር 0.4 ብናደርገው እንኳ አሸዋው መኪናውን ሊይዝ የሚችለው በ80 ኪሎ ክብደት ያህል ጉልበት ነው። በአንጻሩ በሰከንድ 2 ሜትር የሚፈስ ውሃ የመኪናውን ጎን ቢገፋ፣ ጉልበቱ ከ270 ኪሎ ክብደት ጋር ይስተካከላል። ፍጥነቱ ወደ 3 ሜትር ቢያድግ ግፊያው ሁለት እጥፍ ከሩብ ይሆናል፤ ጉልበቱ የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ልክ ነውና። የእጅ ፍሬን የሚከለክለው ጎማው እንዳይሽከረከር እንጂ መኪናው እንዳይንሸራተት አይደለም።

ኦሞ ራሱስ? በዝቅተኛው አካባቢ ዝናብ የሚበረታው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ሲሆን፣ ኦሞ ግን ውሃውን የሚያገኘው ከሩቅ ደጋ ስለሆነ ሙላቱ የሚመጣው በክረምት ነው። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ወንዙ ሌሊት ሞልቶ በታችኛው ኦሞ የ364 ሰዎች ሕይወት መጥፋቱ ተዘግቧል። ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ «የጎርፍ ነገር አክትሟል» የሚሉ አሉ። ግድቡ የዋናውን ወንዝ ፍሰት ያስተካክላል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን ጂንካን ተጎራብቶ የሚፈሰው ነሪና የሚቀላቀለው ማጎ ኦሞን የሚያገኙት ከግድቡ በታች ነው፤ ካስኬም ቢሆን ግድብ የለውም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህም የቱርካና ሐይቅ መስፋትና የኦሞ መሙላት በዳሰነች ወረዳ ብዙ ሰዎችን አፈናቅሏል።

መሬቱ ቦታ ይለውጣል ያልነው ለቀልድ አይደለም። ሻይ በማንኪያ አማስሎ ብርጭቆውን የተመለከተ ሰው የሻይ ቅጠሉ ጠርዙን ትቶ መሐል ላይ እንደሚሰበሰብ ያውቃል። አልበርት አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1926 ባቀረበው ጽሑፍ የወንዞችን መጠማዘዝ ያብራራው በዚሁ ነበር። ውሃ ሲዞር ከወለሉ ጋር የሚፋተገው የታችኛው ክፍል ይዘገያል፤ የላይኛው ፈጣን ክፍል ወደ ውጭ ይገፋል፤ የታችኛው ወደ ውስጥ ይመለሳል። በወንዝ መታጠፊያ ላይም ፈጣኑ ውሃ የውጭውን ዳርቻ ከሥር እየቦረቦረ፣ አፈሩን ወደ ውስጠኛው ዳርቻ ይወስደዋል። ታችኛው ኦሞ ደግሞ እጅግ ጠመዝማዛ ነው። በካሮዎች መንደር በኮርቾ ከገደሉ አፋፍ ላይ ሆኖ ቁልቁል የተመለከተ ሁሉ ይህን በዓይኑ አይቷል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ሲሉ መኪናቸውን እስከ አፋፉ ጫፍ የሚያስጠጉትንም ሳያይ አይቀርም።

እዚህ ላይ አንድ የማይመች ሐቅ አለ። ጀልባ የሚወደው ከዳርቻው ጀምሮ ጥልቅ የሆነ ውሃን ነው፤ ይህም የሚገኘው በአብዛኛው በዚያው በሚቦረቦረው የውጭ መታጠፊያ ነው። ለታንኳ የሚበጀው ዳርቻ ለመኪና አይበጅም ማለት ነው። አደጋው ሙላቱ ሲጎድል ይብሳል፤ ውሃ የጠጣው አፈር ከብዶ ሳለ ከጎን ደግፎት የነበረው ወንዝ ይሸሻልና። ከዳርቻው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ስንጥቅ መሬት ላይ ከታየ መኪናውን አርቆ ማቆም ግድ ነው። እኛ ከዳርቻው ከፍታ ቢያንስ ሦስት እጥፍ እንዲርቅ እንመክራለን፤ ቁጥሩ ከጥንቃቄ የመጣ እንጂ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም።

ውሃው እስከየት እንደሚደርስ ለማወቅ መሣሪያ አያሻም። በግራር እሾህ ላይ የተንጠለጠለውን ገለባና ጭራሮ ማየት ይበቃል፤ ያለፈው ጎርፍ የተወው ልኬት ነው። በወንዙ ሙላት የሚያርሱ የዳሰነች ሽማግሌዎችም የየዓመቱን ወሰን ያውቁታል። ተማሪዎች ሜትር ይዘው የጭራሮውን ከፍታ ከነሪ ድልድይ አጠገብ ጀምረው ቢለኩትና ቢመዘግቡት፣ ጥሩ የመስክ ሥራ ይሆናል።

መኪናውን 300 ሜትር አርቆ ማቆም እንግዶችን ያማርራል ይባላል። ይህ 4 ደቂቃ ያህል የእግር መንገድ ነው። የሾፌሩ ቅሬታ ግን ይገባናል፤ ከፍታው ላይ ጥላ የለም። ስለዚህ ወረዳውና አስጎብኚዎቹ ጥላውን ወደ ከፍታው ይውሰዱት እንላለን፦ የጎርፉ ጭራሮ ከማይደርስበት ሥፍራ ላይ፣ ከእንጨትና ከሣር፣ ለጥቂት መኪናዎች የሚበቃ ዳስ ይሠራ፤ በዳሱ ሥር ደግሞ ለሾፌሮች መደብ ይኑር።