የድራይቨር ኮድ ግምገማ ከማስነሻ ቅደም ተከተል ይጀምር

በድኅረ ምረቃ ቤተ ሙከራዎቻችን የሚሠሩ ሃርድዌር ነክ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘኑት በአንድ ጥያቄ ነው፤ መሣሪያው ይሠራል ወይስ አይሠራም? የመመረቂያ ጽሑፉ በሚቀርብበት ዕለት በፈታኞች ፊት ከሠራ፣ ኮዱም አብሮ እንደተገመገመ ይቆጠራል። በእኔ እምነት ይህ መመዘኛ ለድራይቨር ኮድ አይበቃም። ድራይቨር ትክክል የሚሆነው ትእዛዞቹ ትክክል በመሆናቸው ብቻ አይደለም፤ ኃይል፣ ክሎክና ሪሴት በተገቢው ተራና በተገቢው የጊዜ ልዩነት ሲደርሱም ጭምር ነው። ግምገማው መጀመር ያለበትም ከዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

ለዚህ አስተያየት ያነሣሣኝ የራሴ ስሕተት ነው። የአፈር እርጥበት የሚለካ አነስተኛ መሣሪያ ስሠራ፣ አብዛኞቻችን ከመጀመሪያ ዲግሪ ጀምሮ የምናውቀውን በኤችዲ44780 ተቆጣጣሪ የሚሠራ የፊደል ማሳያ ተጠቅሜ ነበር። ኮዱን ካነበቡልኝ ባልደረቦቼ አንዱ፣ ማሳያውን የሚያስነሣው ትእዛዝ ለምን ሦስት ጊዜ እንደሚደገም ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም፤ ሁለቱን ሰረዝኳቸው። መሣሪያው ለሳምንታት ያለ እንከን ሠራ። አንድ ቀን መብራት ለቅጽበት ጠፍቶ ሲመለስ ግን ማሳያው ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይዞ ቀረ።

ምክንያቱ በአምራቹ ዳታሺት ላይ ተጽፎ ይገኛል። ኃይሉ 4.5 ቮልት ከደረሰ በኋላ ከ15 ሚሊ ሰከንድ በላይ መጠበቅ፣ የስምንት ቢት ትእዛዙን መላክ፣ ከ4.1 ሚሊ ሰከንድ በላይ ጠብቆ መድገም፣ ከዚያም ከ100 ማይክሮ ሰከንድ በላይ ጠብቆ ለሦስተኛ ጊዜ መላክ ያስፈልጋል። መብራቱ ለቅጽበት ሲቋረጥ ማይክሮኮንትሮለሩ እንደ አዲስ ተነሣ፤ ማሳያው ግን ኃይሉን ሙሉ በሙሉ ስላላጣ በአራት ቢት አሠራር፣ ምናልባትም በአንድ ትእዛዝ አጋማሽ ላይ ነበር። ድግግሞሹ የተደነገገው ማሳያው በየትኛውም ሁኔታ ቢገኝ ወደ ታወቀ መነሻ እንዲመለስ ነው። እኛ ትርፍ ነው ብለን የሰረዝነው ይህንኑ ዋስትና ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ ነው። የባልደረባዬ ጥያቄ ተገቢ ነበር፤ ያጠፋነው መልሱን ከዳታሺቱ ሳንፈልግ መወሰናችን ነው።

ጉዳዩ በትልልቅ ሥርዓቶችም ያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው በሁለተኛው የራስፕቤሪ ፓይ ካሜራ ላይ ያለው የሶኒ አይኤምኤክስ219 ሴንሰር 2.8፣ 1.8 እና 1.2 ቮልት የሆኑ ሦስት የኃይል መስመሮች አሉት። የሊኑክስ ከርነል ድራይቨሩ መስመሮቹን ይከፍታል፣ ክሎኩን ያስነሣል፣ ሪሴቱን ይለቅቃል፤ ከዚያም ቢያንስ 6200 ማይክሮ ሰከንድ ይጠብቃል። እንዲህ ያለ ኮድ የሚገመግም ሰው፣ በእኔ አመለካከት፣ ሦስት ጥያቄዎችን ሊያነሣ ይገባል።

አንደኛ፣ ተራውና የጥበቃው ጊዜ ከየት መጣ? ለምሳሌ በሊኑክስ በርካታ የኃይል መስመሮችን በአንድ ጥሪ የሚከፍተው ተግባር መስመሮቹን ጎን ለጎን እንጂ በዝርዝሩ ተራ አይከፍትም። ቺፑ ተራ የሚጠይቅ ከሆነ፣ ዝርዝሩን አይቶ ተራው ተጠብቋል ብሎ ያለፈ ገምጋሚ ተሳስቷል። ሁለተኛ፣ ሂደቱ መሐል ላይ ቢከሽፍ ምን ይሆናል? ክሎኩ አልነሣ ካለና ድራይቨሩ ቀድሞ የከፈታቸውን መስመሮች ሳይዘጋ ከወጣ፣ መስመሮቹ እንደተከፈቱ ይቀራሉ፤ በባትሪ ለሚሠራ መሣሪያ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። ሦስተኛ፣ መሣሪያው ሲጠፋስ? የማጥፊያው ተራም እንደ ማስነሻው ሁሉ ከዳታሺቱ ጋር መመሳከር አለበት።

ረዘም ያለ ጥበቃ ማስገባት ችግሩን ሁሉ ይሸፍናል የሚሉ ይኖራሉ። አባባሉ ከፊል እውነት አለው፤ ጊዜ ብቻ ያነሰውን ሂደት ይረዳል። የተራ ስሕተትን ግን አያርምም። የራሱ ኃይል ሳይደርሰው በመገናኛ ፒኖቹ ላይ ቮልት የመጣበት ቺፕ፣ በመከላከያ ዳዮዶቹ በኩል ጅረት ሊገባበት ይችላል፤ በከፊል ሊነቃ፣ ከባሰም ሊጎዳ ይችላል። ከዚህም በላይ ምክንያቱ ያልተጻፈ ጥበቃ ዕድሜ የለውም፤ የሚቀጥለው አንባቢ ወይ ሊነካው ይፈራል፣ ወይ እንደ እኔ ያለ ማጣራት ይሰርዘዋል።

ስለሆነም የትምህርት ክፍሎቻችን ሃርድዌር ነክ በሆነ የመመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ እንዲያያዝ ቢጠይቁ መልካም ነው። ሠንጠረዡ እያንዳንዱን የማስነሻ ደረጃ፣ የሚጠይቀውን ጊዜ፣ የተወሰደበትን የዳታሺት ገጽና ሲከሽፍ የሚወሰደውን እርምጃ ይይዛል። ሙከራውም በሦስት መንገድ ይሁን፤ ኃይል ፈጽሞ ከተቋረጠ በኋላ፣ ኃይል ሳይቋረጥ በሪሴት ብቻ፣ እንዲሁም ኃይል ለቅጽበት ጠፍቶ ሲመለስ። መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚተከል መሣሪያ ሦስተኛው ሙከራ የዘወትር ኑሮው ነው። ይህን ሠንጠረዥ ለማዘጋጀት ግማሽ ቀን ቢበቃ ነው፤ እኔ ግን ሁለት የተሰረዙ መስመሮችን ፍለጋ ከዚያ እጅግ የበለጠ ጊዜ አጥፍቻለሁ።